ከኮሶዬ የሚነሣ ገጸ ባሕርይ፦ የሚና ጨዋታ መሣሪያን በአማርኛ ማቀድ

ጥር 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የሚባለውን ጨዋታ መሠረታዊ ደንብ፣ ከ400 ገጽ የሚበልጠውን ሰነድ፣ በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለቀቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጎንደር ያለ ተማሪም ሆነ ቶኪዮ ያለ አሳታሚ ሰነዱን መተርጎም፣ ማሳጠር፣ መለወጥ፣ ሶፍትዌር ሠርቶበት መሸጥ ይችላል። የሚጠየቀው ምንጩን መጥቀስ ብቻ ነው፤ ፈቃዱም ተመልሶ አይወሰድም። ነገሩን በወሬ የሰማ ሰው «ጨዋታው ነጻ ሆነ» ብሎ ያልፈዋል። ምኑ ነጻ እንደ ሆነና ምኑ እንዳልሆነ፣ ነጻ በሆነውስ ላይ አንድ አማርኛ ተናጋሪ በትርፍ ጊዜው ምን ሊሠራ እንደሚችል ግን መብራራት አለበት። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን አንድ ቦታ ላይ አቁሞ ይመረምረዋል፤ ቦታውም ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ደጋው በገደል ተቆርጦ ቆላው ቁልቁል የሚታይበት ኮሶዬ ነው። አንድ የገጸ ባሕርይ መፍጠሪያ ከኮሶዬ የተነሣ ሰው መፍጠር ካቃተው፣ በፊደላችን ቢጻፍም የአማርኛ መሣሪያ ሊባል አይገባውም።

ቅጹና በውስጡ ያለው ሰንሰለት

የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱት ነው። አንዱ አጫዋች ይሆናል፤ ቦታውን፣ ሁኔታውን፣ ጠላቱንና ወዳጁን የሚናገረው እርሱ ነው። ሌሎቹ አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «ገደሉን እወርዳለሁ»፣ «ዘበኛውን አባብለዋለሁ» ይላሉ። ነገሩ መሳካት አለመሳካቱን የሚለየው ዳይሱና በገጸ ባሕርዩ ቅጽ ላይ የተጻፈው ቁጥር ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1974 ካሳተሙበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ቅጽ ከተጫዋቹ እጅ አይለይም።

በቅጹ አናት ስድስት ችሎታዎች ይሰፍራሉ። በቀድሞው ልማድ የእያንዳንዱ ዋጋ በሦስት የሉዶ ዳይስ ድምር ይወጣል፤ ከ3 እስከ 18 ማለት ነው። 18 የመምጣቱ ዕድል ከ216 አንድ ነው። ዛሬ ብዙዎች አራት ዳይስ ወርውረው ትንሹን ይጥላሉ፤ ወይም ለሁሉም እኩል የተሰጠ 27 ነጥብ ያከፋፍላሉ። ከእነዚህ ስድስት ቁጥሮች ሌሎች ቁጥሮች ይወለዳሉ፤ ለመምታት፣ ለመከላከል፣ ለመደበቅ፣ ለማሳመን የሚያገለግሉ። አንዱ ሲነካ አሥሩ ይነቃነቃል። ሶፍትዌር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ሰንሰለቱን በእጅ የሚያሰላ ሰው አንድ ቦታ መሳቱ አይቀርም።

ሶፍትዌሩም ቢሆን ይስታል። ከችሎታው ላይ 10 ቀንሶ፣ ለሁለት ከፍሎ፣ ወደ ታች ማጠጋጋት የሚለው ደንብ ሲነበብ ቀላል ነው። በደንቡ መሠረት ችሎታው 9 የሆነ ሰው የአንድ ቅናሽ አለበት። በጃቫ የሙሉ ቁጥሮች ክፍፍል ግን የሚያጠጋጋው ወደ ዜሮ በመሆኑ ያው ሰው ምንም ቅናሽ የሌለበት ሆኖ ይወጣል። በፓይተን ያንኑ ስሌት የጻፈ ሰው ትክክለኛውን መልስ ያገኛል። ችግሩ የሚታየው ደካማ ገጸ ባሕርይ ሲፈጠር ብቻ ስለሆነ ለወራት ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል። የመጀመሪያው የሙከራ ዝርዝር ከብርቱው ጀግና ይልቅ ከደካማው ሰው ቢጀምር ይበጃል።

ፈቃዱ ምን ሰጠ፣ ምን አስቀረ

ኩባንያው ደንቡን ለሌሎች የከፈተው አሁን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 «ክፍት የጨዋታ ፈቃድ» የሚል ሰነድ አውጥቶ ነበር፤ በዚያም ላይ ብዙ አነስተኛ አሳታሚዎች ኑሯቸውን መሠረቱ። በ2015 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ኩባንያው ያንን ፈቃድ ሽሮ በአዲስ ሊተካው ማሰቡ ሾልኮ ወጣ። አዲሱ ረቂቅ በዓመት ከ750,000 ዶላር በላይ ገቢ ካላቸው አሳታሚዎች ከዚያ በላይ ባለው ገቢ ላይ እስከ 25 በመቶ የሚጠይቅ ነበር። ቁጣው በርትቶ መጣ። ኩባንያው የተለሳለሰ ረቂቅ አቅርቦ አስተያየት ሲጠይቅ ከ15,000 በላይ ሰዎች መለሱ፤ 88 በመቶው በአዲሱ ፈቃድ ሥራቸውን ማሳተም እንደማይፈልጉ ተናገሩ። የጥር 19ኙ ውሳኔ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ የታደሰው ደንብ በተመሳሳይ ፈቃድ ተለቀቀ።

ኩባንያው ንብረቱን ሁሉ ግን አልሰጠም። የጨዋታው ስምና ዓርማ፣ ታዋቂዎቹ ዓለማት፣ በዋናዎቹ መጻሕፍት ያሉት አብዛኞቹ ምርጫዎች አሁንም የእርሱ ናቸው። በ2015ቱ ሰነድ ውስጥ 12 የሙያ ዓይነቶች አሉ፤ እያንዳንዱ የያዘው ግን አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። የገጸ ባሕርይ አስተዳደግ የሚመረጥበት ክፍልም ያለው አንድ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ሰነዱን ብቻ የተረጎመ ሰው የሚያገኘው አጥንቱን ነው፤ ሥጋው በመጽሐፍ መደብር ይሸጣል።

የእኛው ሕግ ለዚህ ቦታ አለው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥራል፤ ሐሳብን፣ ሥርዓትንና የአሠራር ዘዴን ግን ከጥበቃው ውጭ ያደርጋል። ዳይስ ወርውሮ ቁጥር መደመር ዘዴ ነው፤ የማንም ንብረት አይሆንም። የሚጠበቀው ያ ዘዴ የተጻፈበት ቃልና የተዋቀረበት አገላለጽ ነው። ይህን ልዩነት የያዘ ዕቅድ አውጪ ፈቃዱን የሚፈልገው የሌላውን ቃል ሲወስድ ብቻ መሆኑን ይረዳል። የራሱን ደንብ በራሱ አማርኛ ቢጽፍ ፈቃድ የሚጠይቀው ሰው የለም። ፈቃዱን እንደ ብቸኛ በር የሚያዩ ሰዎች ይህን ይዘነጋሉ።

ከቀደሙት የተገኘ ትምህርት

የጨዋታው ሦስተኛ እትም እ.ኤ.አ. በ2000 ሲወጣ ከተጫዋቾች መጽሐፍ ጋር የገጸ ባሕርይ መፍጠሪያ ናሙና የያዘ ሲዲ አብሮ መጥቶ ነበር። ሙሉው ሶፍትዌር ከገጸ ባሕርይ አልፎ ካርታና ሌላም እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ዕቅዱ እየሰፋ፣ ጊዜው እየራቀ ሄዶ በመጨረሻ ተቀንሶና ስሙ ተለውጦ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲወጣ ስሕተት የበዛበት ሆነ። በዚያው ዘመን በጎ ፈቃደኞች ፒሲጄን የተባለውን መሣሪያ በጃቫ ይሠሩ ነበር። እነርሱ ያደረጉት ብልህ ነገር ደንቡን ከፕሮግራሙ መለየት ነው፤ ሙያው፣ መሣሪያው፣ ችሎታው ሁሉ ማንም በጽሑፍ ማረሚያ ከፍቶ ሊያነበው በሚችል ፋይል ተቀመጠ። ፕሮግራም የማያውቅ ተጫዋች አዲስ ሙያ ሊጨምር ቻለ። ዕድሜያቸው የረዘመውም በዚህ ይመስለኛል።

የኩባንያው ኦንላይን መሣሪያ ሌላ ነገር ያስተምራል። የዊዛርድስ ባለቤት የሆነው ሃስብሮ ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የተባለውን አገልግሎት በ2014 ዓ.ም. የገዛው በ146.3 ሚሊዮን ዶላር ነው። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. የታደሰው እትም ሊወጣ ሲል፣ በአገልግሎቱ ላይ ባሉ ቅጾች የቀድሞዎቹ ድግምቶችና አስማታዊ ዕቃዎች በአዲሶቹ እንደሚተኩ ተነገረ። ገንዘብ ከፍለው ለዓመታት ገጸ ባሕርያቸውን ያሳደጉ ሰዎች ቅጻቸው ሳይጠየቁ ሊለወጥባቸው ሆነ። በቀናት ውስጥ ውሳኔው ተቀለበሰ፤ ቅጹ በእጃቸው አለመሆኑ ግን ያን ጊዜ ለብዙዎች ግልጽ ሆነ።

ከዚህ የሚወጣው የንድፍ ውሳኔ ቁርጥ ያለ ነው። መሣሪያው የተጫዋቹን ምርጫዎች በቅደም ተከተል ይመዝግብ፤ የተሰላውን ውጤት ግን ዋና መዝገብ አያድርገው። «ጉልበት 14፣ ቀጥሎ ተማሪ ሆነ፣ ቀጥሎ ሸፈተ» የሚል ዝርዝር ካለ ውጤቱ በማንኛውም ጊዜ እንደ ገና ይሰላል፤ የስሌት ስሕተት ሲታረም የድሮ ቅጾች አብረው ይታረማሉ። እያንዳንዱ ቅጽም የተፈጠረበትን የደንብ እትም ቁጥር ይያዝ፤ ያኔ አዲስ እትም ቢመጣም ባለቤቱ በፈለገው እትም ይቆያል።

አማርኛ ከፕሮግራሙ የሚጠይቀው

የዕቅዱ ትልቁ ሥራ እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ለመጨረሻ የሚተወውም ይኸው ነው።

ፊደሉ ራሱ ዛሬ እንቅፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብን የመሰሉ ሰዎች ፊደላችንን በላቲን ቀለማት የሚወክል ሥርዓት እየቀረጹ ደክመውበታል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ፊደሉን ሲያካትት መሠረቱ ተጣለ። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ክፍያ የሚገኙ ቅርጸ ቁምፊዎች ናቸው። ቅጹን በፒዲኤፍ የሚያወጣ መሣሪያ ቅርጸ ቁምፊውን በፋይሉ ውስጥ ማካተት አለበት፤ አለዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሰውየው ስም ባዶ ሳጥኖች ሆኖ ይታተማል።

ሰዋስው ግን ቁም ነገር ነው። በእንግሊዝኛ «እገሌ ጠላቱን መታ» የሚል ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ስም ይሠራል፤ ግሡ አይለወጥም። በአማርኛ ወንዱ መታ፣ ሴቷ መታች፣ የተከበሩት መቱ። ፕሮግራሙ የገጸ ባሕርዩን ጾታ ብቻ ሳይሆን ማዕረግም ማወቅ አለበት ማለት ነው። ወታደሩ ደጃዝማች በሆነበት ቀን በቅጹ ላይ ያሉ ግሦች ሁሉ ወደ አክብሮት መዞር ይኖርባቸዋል። ማይክል ጋሰር የሠራው ሆርንሞርፎ የአማርኛ ግሥ ርባታን የሚተነትን ሶፍትዌር ነው፤ ለዚህ ሥራ ግን የሚበዛ ይመስለኛል። በቅጹ የሚገቡት ግሦች ስልሳ ሰባ ቢሆኑ ነው፤ ለእያንዳንዳቸው ሦስቱን መልኮች በሠንጠረዥ በእጅ መጻፍ ቀላልም አስተማማኝም ነው።

የስም እርባታ ላይ ፊደሉ ያልታሰበ ውለታ ይውላል። «ጋሻ» ሲወሰን «ጋሻው»፣ «ጦር» ሲወሰን «ጦሩ» ይሆናል፤ በመጀመሪያው ፊደል ይጨመራል፣ በሁለተኛው ያለው ፊደል ይለወጣል። በዩኒኮድ የአንድ ቤት ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በተርታ የተቀመጡ ስለሆኑ ከሳድሱ ቁጥር ላይ 4 ሲቀነስ ካዕቡ ይገኛል፤ «ር» ላይ 4 ቢቀነስ «ሩ» ይወጣል። የፊደል ገበታን በቃሉ የያዘ ልጅ የሚያውቀውን ቅደም ተከተል ኮምፒውተሩም ይዞታል። በጥቂት መስመር ኮድ አብዛኛው የዕቃ ስም በትክክል ሊወሰን ይችላል።

ፍለጋው ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኃይሉን በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ኃ» የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለፈላጊው አንድ ናቸው። መሣሪያው ሲፈልግ ሞክሼዎቹን አንድ አድርጎ ይፈልግ፤ ሲያሳይ ግን ባለቤቱ የጻፈውን አይንካ። የግዕዝ ቁጥርም ያጓጓል። 18ን ፲፰ ብሎ ማሳየት ቅጹን ያስውባል፤ ይሁንና የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ ከዜሮ በታችም አይጽፍም፤ ቅናሽ የሌለበት ችሎታም ሆነ የአንድ ቅናሽ ያለበት ሰው በዚያ ሊጻፍ አይችልም። ለምዕራፍና ለማዕረግ ይዋል፣ ለስሌት አይዋል።

የስም ሳጥኑም እንደዚሁ ይታሰብበት። «ስም» እና «የቤተሰብ ስም» የሚሉት ሁለት ሳጥኖች ለኮሶዬ ሰው አይሆኑም። የእኛ ሰው ስምና የአባት ስም አለው፤ የክርስትና ስም ሊኖረው ይችላል፤ ተዋጊ ከሆነ ደግሞ የፈረስ ስም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ መባላቸው ለጌጥ አልነበረም፤ የፈረስ ስም ሲፎከርበትና ሲወደስበት የኖረ የዝና መጠሪያ ነው። የሚና ጨዋታ ሠሪዎች ተጫዋቹን ከገጸ ባሕርዩ ጋር የሚያስተሳስር ነገር ይፈልጋሉ፤ እኛ ዘንድ ያ ነገር ስም ሆኖ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

ስድስቱ ችሎታዎች በአማርኛ ስንት ናቸው?

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ጉልበት፣ ቅልጥፍና እና ጽናት ቢባሉ ያስማማሉ። አራተኛውና አምስተኛው ዕውቀትና ማስተዋል ቢባሉ ከ«ጥበብ» ይሻላል፤ ጥበብ በአማርኛ የእጅ ሙያንም፣ ኪነትንም፣ የሽማግሌ ምክርንም ይሸከማልና ለአንድ ሳጥን ይሰፋል። ስድስተኛው ላይ ነገሩ ይከራል። የእንግሊዝኛው ቃል የሰውን መንፈሳዊ ስበት በጥቅሉ ይናገራል፤ ለማስፈራራትም ለማባበልም ያው አንድ ቁጥር ነው። አማርኛ ግን ግርማን ከሞገስ ይለያል። ግርማ ያለው ሰው ሲገባ ሰው ጸጥ ይላል፤ ሞገስ ያለው ሲገባ ሰው ፊቱ ይፈታል። ሁለቱን አጣምረን «ግርማ ሞገስ» እንላለን፤ መጣመራቸው ግን ሁለት እንደ ነበሩ ይመሰክራል። አዝማሪው ሞገስ አለው፣ ግርማ ግን ላይኖረው ይችላል። ፊታውራሪው በተቃራኒው።

ሰባት ችሎታ ያለው ቅጽ ከተለቀቀው ደንብ ጋር አይገጥምም፤ ከባሕር ማዶ የተጻፉ ዝግጁ ጀብዱዎች ሁሉ ለስድስት የተሰፉ ናቸው። ስድስቱን የያዘ ቅጽ ደግሞ አማርኛ ተናጋሪው በየቀኑ የሚለየውን ነገር ያጣምማል። እኔ ሰባቱን እመርጣለሁ። በአማርኛ የሚጫወት ቡድን በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጀብዱ ሲያነብ አጫዋቹ በመንገድ ላይ እንደሚተረጉም ግልጽ ነው፤ ያን ጊዜ ግርማ ወይስ ሞገስ ብሎ መወሰን አያቅተውም።

«ዘር» የሚለው ሳጥን

በጨዋታው የቆየ ልማድ ገጸ ባሕርይ ሲፈጠር ከመጀመሪያዎቹ ምርጫዎች አንዱ ዘር ነበር፤ ከዘሩ ጋር የተወሰነ ብልጫ ይመጣል። በምዕራቡ ዓለም ራሱ ይህ ሲያከራክር ቆይቷል። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ ብልጫውን ተጫዋቹ ወደ ፈለገው ችሎታ እንዲያዞር ፈቀደ፤ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የወጣው እትም ቃሉን ራሱን ትቶ የችሎታ ብልጫውን ወደ ሰውየው አስተዳደግ አዛወረው።

ይህ ሳጥን በቀጥታ ቢተረጎም በኢትዮጵያ ከሁሉ የከፋው የትርጉም ስሕተት ይሆናል። «ዘርህን ምረጥ» ብሎ፣ በዘሩ ልክ ብርታትና ድካም የሚያድል ስክሪን ዛሬ በዚህ አገር ሰው ፊት መቅረብ የለበትም። ሰው የተገደለበትና የተፈናቀለበት ቃል ነው። ተመሳሳይ ጥንቃቄ ለሙያም ያስፈልጋል። ጎንደር ዙሪያ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ቤተ እስራኤላውያን፣ «ቡዳ» እየተባሉ ሲገፉ ኖረዋል። አንድ ሶፍትዌር ለቀጥቃጭ ሙያ «ዓይን የመብላት ኃይል» ቢሰጥ የቆየ በደልን ደንብ አድርጎ መጻፉ ነው።

ምትኩ አየሩ ነው። አገራችን ሰውን በኖረበት ከፍታ መለየት ታውቃለች፦ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር ቆላ፣ እስከ 2,300 ወይና ደጋ፣ እስከ 3,200 ደጋ፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። የኮሶዬ ልጅ ደገኛ ነው። ብርድ ለምዷል፣ ገብስና ባቄላ ያውቃል፣ የጭላዳ መንጋ ከእርሻ ማባረር ያውቃል፣ ገደል አያዞረውም። ገደሉን ወርዶ ቆላ ሲደርስ ግን ወባውና ሙቀቱ የእርሱ ጠላት ነው፤ ቆለኛው ደጋ ሲወጣ ብርዱ እንደሚጠላው ሁሉ። እዚህ ላይ ብልጫው ከደም የሚመጣ አይሆንም፤ ከልምድ የመጣ ነው፤ ሰው ቦታ ሲለውጥም ይለወጣል። ተጫዋቹ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ትምህርት አይሻርም፣ ሹመት ይሻራል

የተለመደው ደንብ ገጸ ባሕርይ ከደረጃ 1 እስከ 20 ወደ ላይ ብቻ እንዲሄድ ያደርጋል። ፕሮግራመሩ ይህን በአንድ ቁጥር ይመዘግበዋል። የጎንደር ዙሪያ ሕይወት ግን ሁለት ዓይነት መሰላል ነበረው።

አንደኛው የትምህርት ነው። የቆሎ ተማሪው ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዚያ ወደ ቅኔ ቤትና ወደ መጽሐፍ ቤት ያልፋል፤ ጎንደርም በአቋቋምና በመጻሕፍት ትርጓሜ ስሟ የገነነ ነው። ቅኔ የዘረፈ ሰው የዘረፈውን አያጣም። ሁለተኛው የሹመት ነው፦ ባላምባራስ፣ ግራዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ፊታውራሪ፣ ደጃዝማች፣ ራስ። ይህ ከጌታ የሚሰጥ፣ በጌታ የሚወሰድ ነው። «ሹም ሽር» የሚለው ቃል ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠራል።

ካሳ ኃይሉን በዚህ መሣሪያ ለመፍጠር የሚሞክር ሰው ልዩነቱን ያየዋል። የቤተ ክህነት ትምህርት ቀመሰ፣ ሸፈተ፣ ደጃዝማች ተባለ፣ የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን አገባ፣ እንደ ገና ከአማቱ ጋር ተዋጋ፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። በዚያው ሰሞን የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በአንድ ውጊያ ተሸንፈው እስረኛ ሆኑ። ወደ ላይ ብቻ በሚቆጥር ፕሮግራም የሁለቱም ሕይወት አይጻፍም። ትምህርት የማይቀንስ ቁጥር፣ ሹመት ደግሞ ሰጪው፣ ቀኑና የተሻረበት ቀን የተጻፈበት ዝርዝር ሆኖ መቀመጥ አለበት። ቀደም ብሎ የተነሣው የግሥ ጉዳይም የሚፈታው በዚሁ ነው፤ «መቱ» የሚለውን የሚወስነው ከዝርዝሩ በዚያን ቀን ጸንቶ ያለው ሹመት ነው።

ይህ ኮዱን ያከብደዋል። በትርፍ ጊዜ ለሚሠራ ሰው ምናልባት ሁለት ተጨማሪ ወር ማለት ነው። ሆኖም ዘመነ መሳፍንትን የሚያህል፣ ከ1769 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. የዘለቀ የጀብዱ ዘመን በእጅ እያለ ደረጃን በአንድ ቁጥር ማሰር ከጨዋታው የተሻለውን ክፍል መጣል ይሆናል።

መብራት፣ ኔትወርክ፣ ዶላር

ይህን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል፤ መደምደሚያው አያከራክርምና። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ 50 ዶላር የሚሸጠው የተጫዋቾች መጽሐፍ ከ2,900 ብር ገደማ ወደ 5,000 ብርና ከዚያ በላይ ወጣ። ስለዚህ መሣሪያው ያለ ኢንተርኔት በአነስተኛ አንድሮይድ ስልክ ይሥራ፣ ቅጹ በስልኩ ላይ ይቀመጥ፣ በቴሌግራም ወይም በብሉቱዝ የሚተላለፍ ትንሽ ፋይል ይሁን፣ በአንድ ገጽ በጥቁርና ነጭ ይታተም። አገልጋይ ኮምፒውተር የሚፈልግ ዕቅድ ወርሃዊ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል፤ የሠሪው ፍላጎት የቀዘቀዘ ቀንም የሁሉም ቅጽ ይጠፋል።

የሚታዩት መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ የተለቀቀውን ደንብ እንዳለ መተርጎም ነው። ፈቃዱ ይፈቅዳል፣ ደንቡ በብዙ ሰዎች የተፈተነ ነው፣ በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን ልጆችም ከጓደኞቻቸው ጋር የሚጫወቱትን በአማርኛ ያገኙታል። ነገር ግን ከ400 ገጽ በላይ መተርጎም ለአንድ ሰው የዓመታት ሥራ ነው፤ ሥራው ሳያልቅ አዲስ እትም ይመጣል፤ በ2017 ዓ.ም. የሆነውም ይኸው ነው። ይህን መንገድ የሚጀምሩ ብዙዎች አጋማሽ ላይ ይቆማሉ ብሎ መገመት ከባድ አይደለም።

ሁለተኛው ሁሉንም ከባዶ መፍጠር ነው። ለዚህ የሚሆን ቅርስ አለን። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢው ያሉ በርካታ የገበጣ ዓይነቶችን መዝግበዋል። የቀድሞው ሰንጠረዣችን ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ግዳይ እስኪወድቅ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን የሚያሰልፉበት፣ ከሌላው ዓለም የተለየ አከፋፈት ነበረው። ደንብ መፍጠር ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። አደጋው አዲስ ደንብ ሚዛኑን እስኪጠብቅ ብዙ ገበታ፣ ብዙ ተጫዋች፣ ብዙ ትዕግሥት መፈለጉ ነው፤ የሚና ጨዋታ ተጫዋች ገና በጣት በሚቆጠርበት አገር ያን ያህል ፈታኝ አይገኝም።

ሦስተኛው መካከለኛ ነው፦ የዳይሱንና የቅናሽ ጭማሪውን ስሌት ከተለቀቀው ደንብ ወስዶ ምንጩን መጥቀስ፤ ችሎታዎቹን፣ አየሩን፣ ሙያውን፣ ሹመቱን ግን ከዚህ መጻፍ። በእኔ ግምገማ የመሳካት ዕድሉ የተሻለው ይህ ነው፤ ቅድመ ሁኔታው ግን መጠኑ ማነሱ ነው። ለመጀመሪያው እትም አራት አየር፣ ስድስት ሙያ፣ ሰባት ችሎታ ይበቃል፤ የሙያው ዝርዝር ገበሬ፣ የቆሎ ተማሪ፣ ሲራራ ነጋዴ፣ አዝማሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ወታደር ሊሆን ይችላል። አራቱ አየር በስድስቱ ሙያ ሲባዛ 24 መነሻ ይሰጣል፤ ሁሉም በእጅ ሊፈተሽ ይችላል። ካርታ፣ ሥዕል፣ የጦርነት ማስያ፣ የጋራ መገናኛ ሁሉ ለኋላ ይቆይ፤ ከሦስተኛው እትም ጋር የታቀደው ሶፍትዌር የወደቀው በእንዲህ ያለ መስፋፋት ነው።

ኮዱ ከመጻፉ በፊትም ቅጹ በወረቀት ይዘጋጅ። ሦስት ሰዎችና አንድ አጫዋች ሁለት የሉዶ ሳጥን ዳይስ ይዘው፣ ከኮሶዬ አፋፍ ተነሥተው ቆላ ወርደው የሚመለሱበትን አንድ ጉዞ ይጫወቱበት። አንዱ ሲራራ ነጋዴ፣ አንዷ አዝማሪ፣ አንዱ ከቅኔ ቤት የጠፋ ተማሪ ይሁኑ። ግርማና ሞገስ በገበታው ላይ በእርግጥ ይለያዩ እንደ ሆነ፣ የቆላው ሙቀት ለደገኛው ይከብደው እንደ ሆነ፣ ሹመት የተነጠቀ ሰው መጫወቱን መቀጠል ይፈልግ እንደ ሆነ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይታወቃል። ሰባቱ ችሎታዎች እዚያ ካልሠሩ ወደ ስድስት መመለስ የአንድ ወረቀት ዋጋ ነው፤ ከኮዱ በኋላ ግን ሠንጠረዦቹን፣ ግሦቹንና የተቀመጡ ቅጾችን ሁሉ መንካት ይጠይቃል።

የሚቀረው የመረጃ ፋይሉ ዕጣ ነው። ሠሪው ፕሮግራሙን ለራሱ ቢያስቀር እንኳ የአየሩን፣ የሙያውን፣ የግሡንና የሹመቱን ሠንጠረዥ እርሱ በተጠቀመበት በዚያው ክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ቢለቅ፣ ላስታ ያለ ሰው የላስታን ሙያ፣ ሐረር ያለ የሐረርን ይጨምርበታል። ሠንጠረዡ ተዘግቶ ከቀረ ግን መሣሪያው የሠሪው ስልክ እስኪበላሽ ድረስ ይቆይ ይሆናል፤ ቀጣዩ ሰውም ከ«መታ፣ መታች፣ መቱ» ጀምሮ እንደ ገና ይጽፋል።